ከጠርሙሱ በፊት መቀሱ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የ26 ዓመት ሴት ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ፀጉሬን ሪላክሰር፣ በኬሚካል የሚያቀናውን፣ ስቀባ፣ በላዩም በየሳምንቱ ፒያስትራ፣ በጋለ ብረት ማቅናቱን፣ ሳስደርግ ኖሬአለሁ። ከ10 ወር በፊት ሁሉንም አቆምኩ። አሁን ከሥሩ ጥቅልል እያለ ይበቅላል፣ ጫፉ ግን ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። ይስተካከልልኝ ብዬ ከዚራ አካባቢ አንድ ሳሎን ሄድኩ። አጥበው፣ በፎን አቅንተው ቆረጡት፤ እዚያው በመስታወት ሳየው ቆንጆ ነበር። ቤት ገብቼ ሳጥበው ግን አንዱ ጎን ጆሮዬ ጋ ቀረ፣ ሌላው ትከሻዬ ላይ ወረደ። ተመልሼ ስጠይቅ «እንዲህ ያለ ፀጉር ያለ ፒያስትራ አይሆንም» ተባልኩ። ከታይዋን ገበያም ከቀፊራም ያልገዛሁት ቅባት የለም። ጄሉ ሲደርቅ ነጭ ፍርፋሪ ይሆናል፣ ክሬሙ ያከብደዋል። እናቴ «ቅቤ ተቀብተሽ ሹሩባ ተሠሪ» ትለኛለች፤ በዚህ ሙቀት ቅቤው በግንባሬ ይወርዳል። ሥራዬ ደንበኛ መቀበል ስለሆነ አለቃዬም «ትንሽ ሰብሰብ አድርጊው» ማለት ጀምሯል። ምን ዓይነት ቁርጥ ይሻለኛል? የትኛውን ቅባት ልግዛ? ወይስ ወደ ፒያስትራዬ ልመለስ?

ፀጉሬ ያስቸገረኝ፣ ከሳቢያን

እህቴ፣ የመጨረሻውን ጥያቄሽን አስቀድሜ ልመልስ፦ አትመለሺ። 10 ወር ታግሰሽ ያበቀልሽው ፀጉር ጤነኛ ነው፤ የጎደለው በራሱ ጠባይ የሚቆርጠው ሰው ብቻ ነው። ለቅባት ያወጣሽውን ገንዘብ አስቢና ቀጣዩን ብር ለመቀስ አውጪው። ቅባት የተበላሸ ቁርጥን አያቃናም፤ ጥሩ ቁርጥ ግን የቅባቱን ቁጥር ይቀንስልሻል።

ሳሎን ውስጥ ያማረው ፀጉር ቤት ሲገባ ለምን ተበላሸ? ፀጉር በውስጡ ቅርጹን የሚይዙ ማሰሪያዎች አሉት። አንደኛው ዓይነት ደካማ ነው፤ ውሃና ሙቀት ይፈታዋል፣ ሲደርቅ ይታሰራል። ፎን የሚያቀናው ይህን ነው፣ ስለዚህ ውሃ ሲነካው ፀጉርሽ ወደ ጥቅልሉ ይመለሳል። ሁለተኛው ጠንካራው፣ የድኝ ማሰሪያ የሚባለው ነው። ሪላክሰር የሚበጥሰው እሱን ነው፤ አንዴ ከተበጠሰ በኋላ ያ የፀጉር ክፍል ምንም ብትቀቢው ወደ ጥቅልሉ አይመለስም። ፀጉር ሠሪዋ በፎን ጎትታ እኩል ስታደርገው ሁሉም እኩል መሰለ። ሲታጠብ ግን የበቀለው ክፍል ወደ ላይ ተሰበሰበ፣ ሪላክሰር ያለበት ባለበት ቀረ። በዚያ ላይ የአንድ ሰው ፀጉር በሁሉም ቦታ እኩል አይጠቀለልም፤ ማጅራት ላይ ላላ ብሎ መሃል አናት ላይ የጠበቀ ብዙ ነው። በጣም የተጠቀለለ ፀጉር ሲደርቅ ከትክክለኛ ርዝመቱ ከግማሽ በታች ሊመስል ይችላል። ተወጥሮ ሲቆረጥ እኩል የነበረው ሲለቀቅ እኩል የማይሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የአንቺ ፀጉር መቆረጥ ያለበት ደርቆ፣ በየቀኑ እንደምትለቂው ሆኖ ነው። ከመሄድሽ በፊት ባለው ቀን ታጠቢ፣ ኮንዲሽነር አድርጊ፣ ሳትጎነጉኚና በላስቲክ ሳታስሪ አድርቂው። ዘይትም ጄልም አታብዢበት። ወንበር ላይ ስትቀመጪ «ሳታጥቢው፣ ሳትጎትቺው፣ እንደወደቀ ቁረጪልኝ፤ ፎን አልፈልግም» በያት። ጎበዝ ቆራጭ ከሆነች ጥቅልሉን አንድ በአንድ እያነሳች፣ ባለበት ከጫፉ ጥቂት ቀንሳ ትለቀዋለች፣ ራቅ ብላም ታየዋለች። ቀስ ያለ ሥራ ነው። መጀመሪያ ከማጅራትሽ፣ ከማይታየው ቦታ፣ አንድ ጥቅልል ብቻ ቆርጣ ምን ያህል ወደ ላይ እንደሚሸሽ እንድትመለከት ጠይቂያት። ይህን ስትጠይቂያት ከተቆጣች ሻሽሽን አንስተሽ ውጪ፤ ነውር የለውም።

ሳሎኖቻችን ለምን ፎንና ፒያስትራ ላይ እንደሚያተኩሩም ልንገርሽ፤ ፀጉር ሠሪዋን ክፉ አድርገሽ እንዳታስቢያት። ቋሚ ገቢያቸው በየሳምንቱ ከሚመለሰው ደንበኛ ነው። የተማሩትም በቢጎዲን ጠቅልሎ፣ ካስክ ውስጥ አድርቆ፣ በፎን ማለስለስ ነው። በደረቅ የተጠቀለለ ፀጉር መቁረጥ ያስተማራቸው የለም። ስለዚህ የፎኑን ዋጋ እንደምትከፍያት ቀድመሽ ንገሪያት፣ ጊዜዋን ገዝተሻልና ትረጋጋለች። ስልክሽ ላይ ፎቶ ይዘሽ ሂጂ፤ ግን ፀጉሯ እንደ አንቺ የሚጠቀለል ሴት ፎቶ ይሁን። በፒያስትራ የለሰለሰ ፎቶ አሳይቶ ለጥቅልል ፀጉር ቁርጥ መጠየቅ ሁለታችሁንም ያደናግራል።

ሌላም ሐሳብ አለኝ፣ አንዳንዶች ያፍሩበታል። በድሬ ጎፈሬ በመቀስና በሚዶ ክብ አድርገው የሚያስተካክሉ የወንዶች ፀጉር አስተካካዮች አሉ። እጃቸው የጥቅልልን ጠባይ ያውቃል፤ ፀጉር ሲደርቅ ምን እንደሚሆን በዓይናቸው ይለካሉ። የሴቶች ሳሎን ውስጥ ሰው ካጣሽ፣ ደንበኛ በማይበዛበት የጠዋት ሰዓት ቀጠሮ ይዘሽ ብትሄጂ እመርጥልሻለሁ። ማሽኑን ግን ለማጅራት ማጽጃ ብቻ ይጠቀምበት። ማሳሻ መቀስ የሚሉትን፣ ጥርስ ጥርስ ያለውን፣ ወንድም ይሁን ሴት እንዳያስጠጋብሽ፤ ምላጭም እንደዚሁ። እነዚህ ጥቅልሉን መሃል ላይ ይበትኑታል፣ ከዚያ በኋላ የሚንጨባረረውን ጄል አይዘውም።

አሁን ስለ ቅርጹ። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ የበቀለልሽ ጥቅልል ቢሳብ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሲለቀቅ ግን ከዚያ በጣም ያንሳል። ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ሪላክሰር ያለበትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቆርጦ በአጭር ጎፈሬ መጀመር ነው። ሁለተኛው በየሁለት ወሩ ጫፉን 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር እየቀነሱ መሄድ ነው። ድፍረቱ ካለሽ እኔ የመጀመሪያውን እመክርሻለሁ። ጥቅልሉና ቀጥ ያለው የሚገናኙበት ቦታ የፀጉርሽ ደካማ ቦታ ነው፤ ሚዶ ሲያልፍበት የሚሰበረው እዚያ ነው። ባቆየሽው ቁጥር ለማፍታታት ስትታገይ ጤነኛውንም ትጎጂዋለሽ። ነገር ግን አጭር ፀጉር ይዞ ሥራ መግባት የሚያስጨንቅሽ ከሆነ፣ ወይም ሠርግ ከፊትሽ ካለ፣ ሁለተኛው መንገድ ይሻልሻል። የራስ ፀጉር ነው፤ እኔ ስላልኩ አልቅሰሽ የምትቆረጪው አይደለም።

ከትከሻ በላይ ሆኖ ለሚቀር ፀጉር ደረጃ ደረጃ ያለ ቁርጥ ጠይቂ፣ ሌየር የሚሉትን። ጥቅልል ፀጉር ሁሉም በአንድ መስመር ከተቆረጠ አናቱ ላይ ተኝቶ ከታች ይሰፋል፣ የጎጆ ክዳን ይመስላል። ከላይ ያሉት ጥቂት ሲያጥሩ ክብደቱ ይቀላል፣ አናቱም ይነሳል። ፊትሽ ክብ ከሆነ ከፍታው አናት ላይ ይሁን፣ ጎኖቹ ይቀንሱ። ረዘም ያለ ከሆነ ጎኖቹ ይሙሉ። ግንባር ላይ የሚወርደውን በመጨረሻ ቁረጡት፣ ከምታስቡት በላይም አስረዝማችሁ ተዉት፤ ነገ ሲታጠብ ያጥራል።

በየስልኩ የሚታየውን የፀጉር ዓይነት ቁጥር ነገር፣ 3ሲ ነኝ 4ኤ ነኝ የሚባለውን፣ ብዙ አትጨነቂበት። ቁጥሮቹን መጀመሪያ ያወጣው የአሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን አቅራቢ የኦፕራ ዊንፍሬይ ፀጉር ሠሪ የነበረው አንድሬ ዎከር ነው። ጥቅልሉ ምን ያህል እንደጠበበ ይነግሩሻል እንጂ ፀጉርሽ ውሃ ይጠጣ አይጠጣ አይነግሩሽም። ቅባት ለመምረጥ የሚያስፈልግሽ ሁለተኛው ነው። ንጹህ ፀጉርሽን ውሃ ስትረጪው ጠብታው ላዩ ላይ ቆሞ ከቀረ፣ ውሃ የማያስገባ ፀጉር ነው፤ ክሬም ይከብደዋል፣ ቀለል ያለ ነገር ይፈልጋል። ወዲያው ከጠጣና ወዲያው ከደረቀ ደግሞ ወፈር ያለ ክሬም ይወዳል። ክሬሙ ያከብደዋል ስትዪኝ ከሥሩ ያለው አዲሱ ክፍል የመጀመሪያው ዓይነት ይመስለኛል፤ ጫፍሽ ደግሞ በሪላክሰር ስለተጎዳ ሁለተኛው ነው። ለጊዜው ክሬም ከጫፉ ላይ ብቻ አድርጊ፣ ከሥሩ አርቂው።

ከቅባት በፊት ግን ውሃ። አቦ፣ የድሬን ውሃ ሳናነሳ ስለ ድሬ ፀጉር ማውራት አይቻልም! የማንቆርቆሪያሽን ውስጥ እዪው፤ ያ ነጭ ልጥፍ በፀጉርሽም ላይ ይቀመጣል። ከተማችን የሲሚንቶ ፋብሪካ ያላት ዙሪያዋ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ነው፣ የምንቀዳው የከርሰ ምድር ውሃም በዚያው ድንጋይ ውስጥ አልፎ ካልሲየም ይዞ ይመጣል። ካልሲየሙ ፀጉር ላይ ሲከማች ፀጉር ይደርቃል፣ ይሻክራል፣ ኮንዲሽነርም አይገባውም። በተለይ በደረቅ ሳሙና ከታጠብሽ ሳሙናውና ካልሲየሙ ተጣብቀው የማይለቅ ነጭ ነገር ይሠራሉ። ጄልሽ ነጭ ፍርፋሪ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ ጄሉን ስትወቅሺ የቆየሽው በውሃው ጥፋት ነው ማለት ነው።

መላው ቀላል ነው። ለመጨረሻ ማለቅለቂያ የሚሆን ውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢ፤ ካልሲየሙ ከፊሉ ታች ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለውን ጥሩውን ቀስ ብለሽ ቅጂ። በጀሪካን አስቀምጦ ማሳደር ብቻ ይህን አያደርግም፤ መፍላት አለበት። ዝናብ በሚጥልባቸው ወራት ደግሞ ንጹህ ባልዲ አውጥተሽ የዝናብ ውሃ ያዢ፣ ለፀጉር ከእሱ የተሻለ የለም። በወር አንድ ጊዜ ኢዲቲኤ የሚል ንጥረ ነገር ያለበት ካልሲየም አስወጋጅ ሻምፖ ተጠቀሚ። እሱን ካጣሽ አንድ ሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠሽ አለቅልቂና በንጹህ ውሃ አውጪው። ሎሚ ግን አልመክርሽም። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ጥቁር ነጠብጣብም ይተዋል፤ የድሬን ፀሐይ ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ለማጠቢያ ሰልፌት የሚባለው ብርቱ ማጠቢያ የሌለበት ሻምፖ ፈልጊ። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት ወይም ሶዲየም ሎሬት ሰልፌት የሚለው ከውሃ ቀጥሎ ከተጻፈ ለአንቺ ይበረታብሻል። ሁለተኛው ምርጫሽ እዚሁ መጋላ ገበያ አለ፦ ቀሲል። የሶማሌና የሐረር እናቶች ፀጉርና ፊት የሚታጠቡበት የቁርቁራ ቅጠል ዱቄት ነው፤ በተፈጥሮው አረፋ ያወጣል። አረንጓዴነቱን ያልለቀቀውን ግዢ፣ በስስ ወንፊት ድገሚና ንፊው፣ አለበለዚያ ቅንጣቱ ጥቅልል ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ስትለቅሚ ትውያለሽ። በውሃ ለውሰሽ የራስ ቆዳሽን እሺበት፣ ሳይደርቅ አውጪው፣ ከዚያ ኮንዲሽነር አስከትዪ። ደርቆ ከቆየ ያደርቃል።

ኮንዲሽነር ላይ አትሰስቺ። ጥቅልል ፀጉር ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ ጥምዝምዙን ተከትሎ ጫፍ ድረስ አይወርድለትም፣ ስለዚህ ጫፉ ሁልጊዜ ይጠማል። ስታፍታቺው ኮንዲሽነሩ እላዩ ላይ እያለ፣ በጣትሽ ጀምረሽ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ፣ ከጫፍ ወደ ሥር እየወጣሽ ይሁን። በደረቁ ሚዶ አታስገቢበት። ዋጋው ውድ መሆን የለበትም። ንጥረ ነገሮች የሚጻፉት ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ሴቲል ወይም ሴቴሪል አልኮል ካለ ጥሩ ነው። ይህ አልኮል የሚያደርቀው ዓይነት አይደለም፣ የሚያለሰልሰው ነው። እንደ ካንቱ ያሉ ክሬሞችን ስታገኚም በዚሁ ዓይን አንብቢያቸው። ማሸጊያው የተከፈተ፣ ቀኑ ያለፈ ወይም ጽሑፉ የደበዘዘ ከሆነ፣ ስሙ ቢገንም ተዪው።

ወደ ጄሉ ልመለስ። ፍርፋሪ የሚያመጣው ሌላው ነገር ከጄሉ አስቀድመሽ ከተቀባሽው ክሬም ጋር አለመስማማቱ ነው። ከመቀባትሽ በፊት ክሬሙንና ጄሉን መዳፍሽ ላይ ጥቂት ቀላቅዪ፤ እንደ ለስላሳ ሎሽን ከተዋሃዱ ተቀቢ፣ ተቆራርጦ ነጭ ፍሬ ፍሬ ከሆነ አንዱን ቀይሪ። ሦስተኛው ምክንያት ፀጉር ከደረቀ በኋላ መቀባት ነው። ጄል የሚቀባው ውሃው እየተንጠባጠበ ነው። ራስሽን ዘንበል አድርገሽ ጄሉን በእጅሽ ሙሉ አዳርሺ፣ ከዚያ ከጫፍ ወደ ሥር በመዳፍሽ ጨበጥ ጨበጥ አድርጊው። ትርፉን ውሃ በፎጣ አትሺው፣ በአሮጌ የጥጥ ቲሸርት ጭመቂው። ከዚያ በኋላ እጅሽን አንሺ! እስኪደርቅ ድረስ አይነካም፣ አይበጠርም። በድሬ ሙቀት ማድረቂያ ማሽን አያስፈልግሽም፣ ጥላ ያለበት በረንዳ ይበቃሻል። ሲደርቅ ድርቅ ያለ ልባስ ይሆናል፤ አትደንግጪ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ የኮኮናት ዘይት መዳፍሽ ላይ አሽተሽ በቀስታ ስትጨብጪው ይለሰልስና ጥቅልሉ ብቻ ይቀራል።

የገበያው ጄል ካልተስማማሽ ተልባ አለልሽ። ሩብ ብርጭቆ ተልባ በሁለት ብርጭቆ ውሃ እያማሰልሽ አፍዪ፤ የእንቁላል ነጭ ሲመስል አውርጂውና ትኩስ እያለ በአሮጌ ስቶኪንግ አጥልዪው። ከቀዘቀዘ አይጠልም። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል፣ ከፍሪጅ ውጪ ግን በእኛ አየር ቶሎ ይበላሻልና ጥቂት ጥቂት አድርገሽ ሥሪ። እኔ ከማውቃቸው ጄሎች ሁሉ ለዚህ ዓይነት ፀጉር እሱን አስቀድማለሁ። ግሊሰሪን የበዛበትን ጄል ግን አየሩ በሚደርቅባቸው ወራት ተዪው፤ ግሊሰሪን እርጥበት ሳቢ ነው፣ አየሩ ውስጥ እርጥበት ሲያጣ ከፀጉሩ ሊስብ ይችላል።

እናትሽ ስለ ቅቤ ያሉሽ ከእውነት የራቀ አይደለም። ቅቤ ፀጉር ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይወጣ ይሸፍናል፤ ውሃ ግን አይሰጥም። ደረቅ ፀጉር ላይ ሲደረግ ድርቀቱን ይዘጋበታል። ስለዚህ ለጋውን ቅቤ ከመታጠብሽ በፊት ባለው ሰዓት፣ ፀጉርሽን በውሃ አርጥበሽ፣ ከጫፉ ጀምረሽ ቀቢውና በሻሽ አስሪው። አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ታጠቢው። እሑድ ከሰዓት እናትሽ ራሳቸው ይቀቡሽ፤ ደስ ይላቸዋል፣ ግንባርሽም ላይ አይወርድም። ሹሩባውንም ላላ ብሎ እስከተሠራ ድረስ አልቃወምም። ተሠርተሽ ስትነሺ ግንባርሽን የሚስብሽ ከሆነ፣ ሥሩ ላይ ነጫጭ ብጉር ካወጣ፣ ያኔውኑ አስፈቺው። በየጊዜው የሚወጠር የግንባር ፀጉር እየሳሳ ሄዶ ጭራሽ ላይበቅል ይችላል። ክብ ክብ እየሆነ የሚነቀል ወይም የማያቋርጥ ማሳከክ ካለ ግን የቅባት ጉዳይ አይደለም፣ የቆዳ ሐኪም ያየው።

ሌሊት በሳቲን ሻሽ ተኚ፤ ጥጥ ትራስ ፀጉሩን ይፈትገዋል፣ ወዙንም ይጠጣል። የሐረሪ ሴቶች በጉፍታ፣ በፀጉር መሸፈኛቸው፣ ፀጉራቸውን ለሁለት ከፍለው ከጆሮ ጀርባ እንደሚጠቀልሉት አድርገሽ ላላ አድርገሽ ብትይዢው ጥቅልሉ ሳይጨፈለቅ ያድራል። ሒጃብ ለምትለብሱ አንባቢዎቼም አንድ ነገር ልጨምር፦ እርጥብ ፀጉር አትሸፍኑ። በሙቀት ታፍኖ ሲውል ሽታና ፎረፎር ያመጣል። ከመውጣታችሁ በፊት ይድረቅ፣ ከሒጃቡ ሥርም ስስ ሳቲን ይኑር።

የአለቃሽ ነገር። ሰብሰብ ያለ ፀጉር ማለት ቀጥ ያለ ፀጉር ማለት አይደለም፣ ይህን በትህትና ልትነግሪው ትችያለሽ። ፊት ለፊት ያለውን በሁለት ወፈር ያለ ቁጥርጥር ወደ ጎን ወስደሽ በፒን ብትይዢው የኋላው ተለቆም ቢሆን ንጹህ ሆኖ ይታያል፣ ደንበኛ ፊት ለመቅረብም በቂ ነው። ቁርጡን ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጠዋት አድርጊው። ቅዳሜ ማታ ታጥበሽ በጄል አድርቂው፣ እሑድ በመስታወት ፊት በዙሪያው እዪው፤ የረዘመብሽ ጥቅልል ካለ ሰኞ ከሥራ ስትወጪ ወደ ቆራጭሽ ተመልሰሽ ታሳያታለሽ።